ሞተሩ ከመድከሙ በፊት፦ አነስተኛ አውሮፕላን ሲነሳ ስለሚያጋጥም የኃይል መቀነስ

በሐዋሳ ከተማ ለበረራ ተማሪዎች፣ ለጥገና ባለሙያዎችና ለአቪዬሽን ወዳጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ጎማው ከመሬት ከተላቀቀበት ጊዜ አንስቶ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ እስኪይዝ ድረስ ስላሉት ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃዎች ነው። በእነዚህ ደቂቃዎች ሞተሩ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ይሠራል፤ አውሮፕላኑ ግን ፍጥነቱም ከፍታውም ገና ትንሽ ነው፤ አፍንጫውም ወደ ላይ ቀና ብሏል። በሌላው የበረራ ክፍል ሞተር ሲደክም አብራሪው ዙሪያውን ቃኝቶ፣ መመሪያውን አውጥቶ፣ በሬዲዮ ተነጋግሮ ለመወሰን የሚበቃ ጊዜ አለው፤ እዚህ ግን ያ ሁሉ የለም። ስለዚህ ውሳኔው የግድ መሬት ላይ፣ ነዳጅ መስጫው ወደ ፊት ከመገፋቱ በፊት ተወስኖ ማለቅ አለበት። እንደ ሐዋሳ ባለ ከፍታ ላይ በተሠራ ከተማ ደግሞ ይህ ግዴታ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚጠብቅበት ምክንያት አለ፤ እርሱን በቁጥር ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በአብራሪዎች መለኪያ ከ5,500 ጫማ በላይ ማለት ነው። አምራቾች ለስሌት በሚጠቀሙበት መደበኛ የአየር ሠንጠረዥ መሠረት በዚህ ከፍታ ላይ ሊኖር የሚገባው ሙቀት 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በየካቲትና በመጋቢት ግን ከቀትር በኋላ እዚህ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ቢደርስ የሚገርመው ሰው የለም። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ በመሆኑም በእንዲህ ያለ ቀን ከማኮብኮቢያው የሚነሳ አውሮፕላን የሚያገኘው አየር፣ መደበኛ ሙቀት ባለበት ቀን ከ2,600 ሜትር በላይ ላይ ከሚገኘው አየር ጋር እኩል የሳሳ ነው። ከፍታ መለኪያው ይህን አያሳይም። አብራሪው ሙቀቱን አንብቦ ራሱ ማስላት አለበት።

ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በሳሳ መጠን ሊያቃጥል የሚችለው ነዳጅም ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ ላይ 160 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው የሴስና 172 ኤን (ባለ አራት መቀመጫ አነስተኛ አውሮፕላን) ላይኮሚንግ የተባለ ሞተር፣ አንዳችም እንከን ሳይኖርበት፣ በዚያ ሞቃት ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ላይ የሚሰጠው ወደ 120 ቢጠጋ ነው። ከኃይሉ ሩብ ያህሉ የጠፋው ምንም ነገር ሳይሰበር፣ ማንም ሳያጠፋ ነው። ያው አውሮፕላን በባሕር ጠረፍ ሙሉ ክብደቱን ይዞ በደቂቃ 770 ጫማ ይወጣል፤ እዚህ ግን ከ350 ጫማ ብዙም አያልፍም። ለመነሳት የሚንደረደርበት ርቀት ደግሞ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በ1928 ዓ.ም. የበረረችውና በ2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ወደ አገሯ የተመለሰችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን የነበራት ሞተር 115 የፈረስ ጉልበት ብቻ እንደነበረ ሳስብ፣ በደጋው አየር ውስጥ ያበረሯት ሰዎች ምን ያህል በጠባብ ልክ ይሠሩ እንደነበር ይታየኛል፤ ለእነርሱም ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ከዚህ ስሌት የሚከተለውን ነገር ልብ እንድትሉልኝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። አውሮፕላን ከፍታውን ጠብቆ በአግድም ለመብረር የተወሰነ ኃይል ይፈልጋል፤ ወደ ላይ የሚያወጣው ከዚያ የሚተርፈው ነው። በባሕር ጠረፍ ይህ ትርፍ ከሞተሩ ኃይል አርባ በመቶ አልፎ ይሄዳል፤ ማለትም ሞተሩ ከሦስት እጅ አንዱን ኃይሉን ቢያጣ እንኳ አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ፣ ዞሮ፣ ወደ ተነሳበት ሊመለስ ይችላል። በሐዋሳ ሞቃት ቀን ግን ትርፉ ከቀረው ኃይል ሩብ አካባቢ ብቻ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አንዱ ሲሊንደር ቢሞትበት የሚያጣው ሩብ ኃይል ነው፤ የሞተውን ሲሊንደር ማንቀሳቀስም ሥራ ስለሆነ ከሩብም ይበልጣል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ «ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ያደርሰናል» የሚባልበት ያው ብልሽት፣ እዚህ አውሮፕላኑን ቀስ በቀስ ወደ መሬት የሚያወርድ ብልሽት ነው። ከሌላ አገር ልምድ የተጻፈ መመሪያ ስናነብ ይህን ልዩነት ሳናስብ ማንበብ የለብንም።

በአሜሪካ ዋዮሚንግ፣ ቻየን በምትባል ከሐዋሳ ትንሽ ከፍ ብላ በምትገኝ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1996 አንድ ሴስና 177 ከተነሳ በኋላ ወድቆ በውስጡ የነበሩት ሦስቱም ሰዎች ሞተዋል። መርማሪዎቹ ሞተሩ ተሰብሮ አላገኙትም። ያገኙት ከተፈቀደው በላይ የተጫነ አውሮፕላን፣ እየቀረበ የመጣ ነጎድጓዳማ ዝናብና አብራሪው ካልለመደው የሳሳ አየር ጋር ተደማምረው ክንፉ የማንሳት አቅሙን ያጣበትን ሁኔታ ነው። ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የሚሰጥ አደጋ ብዙ የለም፤ ምክንያቱም የቻየን አየር የእኛ አየር ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ ልግባ። በእኛ ከፍታ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የነዳጅና የአየር ድብልቅ ነው፤ እኔም በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ሙሉ በሙሉ በአብራሪው እጅ ያለ ነገር ነው። በባሕር ጠረፍ የሰለጠነ አብራሪ ለመነሳት ቀዩን የድብልቅ እጀታ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት መግፋትን ይለምዳል። በሳሳ አየር ውስጥ እጀታው እስከ መጨረሻው ከተገፋ ግን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ነዳጅ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ይሆናል፤ ሞተሩ ይታነቃል፤ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይለብሳሉ፤ ቀድሞውኑ ከተቀነሰው ኃይል ላይ ሌላ ይቀነሳል። የሴስና 172 መመሪያ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ማኮብኮቢያ ከመነሳት በፊት ድብልቁ መሳሳት፣ ማለትም የነዳጁ መጠን መቀነስ እንዳለበት ይናገራል። ሐዋሳ ከዚያ ወሰን በእጥፍ ገደማ ትበልጣለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠጠር በሌለበት ቦታ አውሮፕላኑን በፍሬን ትይዛላችሁ፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ ጫፉ ትገፋላችሁ፤ ከዚያም ዓይናችሁን ከዙር መለኪያው ሳትነቅሉ ቀዩን እጀታ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ትስባላችሁ። መርፌው መጀመሪያ ይወጣል፤ ድምፁም ከጎርናናነት ወደ ጥራት ይለወጣል። ጫፍ ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል፤ ሞተሩም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እዚያ ላይ ስትደርሱ እጀታውን መልሳችሁ ወደ ፊት ትገፉና መርፌው ጫፉ ላይ ሲመለስ፣ ሞተሩ እንዳይግል ጥቂት ጨምራችሁ ትተዉታላችሁ። ይህን ሳያደርጉ መነሳት ያለውን ኃይል መሬት ላይ ጥሎ እንደመሄድ ነው። ሲደረግ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ፍሬን ይዞ ሙሉ ኃይል የተሰጠው ሞተር መመሪያው ከሚጠይቀው ዙር በታች ከሆነ፣ ችግሩ የታወቀው አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ነው።

ነዳጁም የዚያኑ ያህል ትኩረት ይፈልጋል። የአነስተኛ አውሮፕላን ቤንዚን፣ 100 ኤልኤል የሚባለው አቭጋስ፣ ሰማያዊ ቀለም ያለው ነው። ውኃ ከእርሱ ስለሚከብድ ከጋኑ ሥር ይተኛል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማውረጃና ከሞተሩ ማጣሪያ በትንሽ ብርጭቆ እየቀዳን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገን እናየዋለን። ጥቂት ውኃ ካለ ከብርጭቆው ሥር እንደ ቀለም አልባ ፍሬ ሆኖ ይንከባለላል፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ማንንም አያስቸግርም። የሚያታልለው ብርጭቆው በሙሉ ውኃ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ የሚለይ መስመር ስለማይኖር ጀማሪ ተማሪ «ንጹሕ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ማሽተትና በጣት መካከል ማሸት ያስፈልጋል። በክረምት ወራት የክንፍ ጋን ክዳን ጎማው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ የሌሊት ዝናብ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ጋኑ ግማሽ ባዶ ሆኖ ካደረ በውስጡ ያለው እርጥበት በሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ ውኃነት ይለወጣል። ነዳጅ በበርሜል ተጭኖ በእጅ ፓምፕ ወደሚቀዳባቸው ሩቅ ሜዳዎች የሚሄዱ አብራሪዎችም ሳያጣሩ መቅዳት የለባቸውም። ይህ ውኃ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ከሥር ተኝቶ ይቆያል፤ ሲንደረደርና አፍንጫው ቀና ሲል ግን ይንቀሳቀሳል፤ ብዙ ጊዜም ሞተሩ የሚንተፋተፈው ልክ በዚያን ጊዜ ነው።

አገራችን ውስጥ ባሉ አውሮፕላን ማረፊያዎች በብዛት የሚገኘው ነዳጅ የጄት ነዳጅ ስለሆነ፣ በስሕተት እርሱ የሚቀዳበትን አጋጣሚም ማሰብ አለብን። የጄት ነዳጅ የነጭ ጋዝ ዘመድ ነው። ከአቭጋስ ጋር ከተቀላቀለ ሞተሩ በቀረው ቤንዚን ይነሳል፣ ወደ ማኮብኮቢያውም ይደርሳል፤ ሙሉ ኃይል ሲጠየቅ ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለጊዜው እየፈነዳ ፒስተኖቹን ይመታቸዋል። ጥርጣሬ ካለ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ማንጠባጠብ ይበቃል፤ ቤንዚኑ ተንኖ ይጠፋል፣ የጄት ነዳጅ ግን የቅባት ክብ ትቶ ይቀራል። አቭጋስ ስለሚወደድና ስለማይገኝ የመኪና ቤንዚን መጠቀም የሚፈልጉም አሉ። ለዚያ የተፈቀዱ እንደ ሮታክስ ያሉ ሞተሮች አሉ፤ ነገር ግን በአገራችን ቤንዚን ከፊንጫ በሚመጣ ኢታኖል ሲቀላቀል የቆየበት ጊዜ መኖሩን፣ ኢታኖል ደግሞ ውኃ እንደሚስብና ያልተዘጋጁለትን ጎማዎች እንደሚበላ ማወቅ ይገባል። ፈቃዱ በሞተሩና በአውሮፕላኑ ሰነድ ላይ ካልተጻፈ፣ የዋጋው ልዩነት ምንም ያህል ቢሆን መቀዳት የለበትም።

ነዳጁ ከየትኛው ጋን እንደሚመጣ የሚወስነውን የነዳጅ መምረጫ ነገር በአጭሩ ላንሳ። መምረጫው ተዘግቶ ወይም ባዶ ጋን ላይ ሆኖ ሞተሩ በቧንቧውና ነዳጅን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ በቀረው ነዳጅ ብቻ ወደ ማኮብኮቢያው ሊደርስ፣ አንዳንዴም ሊነሳ ይችላል። ከዚያ ያቆማል። ስለዚህ የሞተር ሙከራው የሚደረግበት ጋን የሚነሳበት ጋን መሆን አለበት፤ ከሙከራው በኋላ መምረጫውን መንካት አይገባም።

ሐዋሳ የሐይቅ ዳር ከተማ መሆኗ ደግሞ የካርቡሬተር በረዶን እንድናስብ ያስገድደናል። በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ነዳጅ ሲተንና አየር ሲፈጥን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ ውጭው ምንም ሳይበርድ ውስጡ በረዶ ይሠራል። በተለይ ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ በታች፣ እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን አደጋው ከፍተኛ ነው፤ የነሐሴ ማለዳ በሐይቁ ዳር ይኸው ነው። ተራ ይዞ ረጅም ጊዜ በዝቅተኛ ዙር የቆመ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት የካርቡሬተር ማሞቂያውን ከፍቶ፣ ዙሩ ወርዶ እንደገና ከፍ ማለቱን አይቶ፣ ከዚያ ዘግቶ መነሳት አለበት፤ ሞቃት አየር ራሱ ኃይል ስለሚቀንስ ክፍት ሆኖ መቅረት የለበትም።

ለካንዴላዎቹ የእሳት ብልጭታ የሚሰጡት የሁለቱ ማግኔቶዎች ሙከራ በአብራሪዎች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ አላስረዝመውም። በሴስና 172 ኤን በደቂቃ በ1,700 ዙር ሲሞከር አንዱ ብቻ ሲሠራ የሚወርደው ከ125 ዙር መብለጥ የለበትም፣ በሁለቱ መካከል ያለውም ልዩነት ከ50 ማለፍ የለበትም። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ዙሩ ጨርሶ አለመውረዱም መልካም ምልክት አለመሆኑን ነው፤ የማጥፊያው ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሞተር ቁልፉ ተዘግቶም ፕሮፔለሩ በእጅ ሲነካ ሊነሳና ሰው ሊገድል ይችላል።

ወፎችንም ሳላነሳ አላልፍም፤ የአሞራ ገደልን የዓሣ ገበያና በዙሪያው የሚሰበሰቡትን አባ ኮዳዎች ለሚያውቅ የዚህ ከተማ ሰው ነገሩ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በመስከረም 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በእርግቦች መንጋ ውስጥ አልፎ ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይላቸውን በማጣታቸው ከተሳፈሩት 104 ሰዎች መካከል 35ቱ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ያ አውሮፕላን ትልቅ ነበር፣ የፒስተን ሞተርም አልነበረውም፤ ነገር ግን በሐይቅ ዳር፣ በከፍታ ላይ፣ በመነሻ ጊዜ የደረሰ ነውና የእኛው ታሪክ ነው። በአነስተኛ አውሮፕላን ላይ ወፍ የሚመታው ብዙውን ጊዜ መስታወቱን፣ ክንፉን ወይም ፕሮፔለሩን ነው። ማኮብኮቢያው ላይ ወፎች ካሉ እስኪሄዱ መጠበቅ ነውር የለበትም።

እስካሁን የተናገርሁት ኃይል እንዳይጠፋ ስለሚደረገው ነው። ከጠፋስ? የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደህንነት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010 ድረስ በባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ላይ ከመነሳት በኋላ የደረሱትን ሁኔታዎች ሰብስቦ መርምሮ ነበር። ሞተሩ ጭራሽ የጠፋባቸው 75 አጋጣሚዎች ተመዝግበው ነበር፤ በእነዚህ የሞተ ሰው አልነበረም። ሞተሩ በከፊል የደከመባቸው 242 አጋጣሚዎች ነበሩ፤ ከእነዚህ ዘጠኙ ለሞት ዳርገዋል። ይህ ልዩነት መጀመሪያ ሲታይ ግራ ያጋባል፤ ቀሪ ኃይል ያለው አውሮፕላን ጭራሽ ከሌለው ይሻላል ብለን እናስባለንና። ነገር ግን ሞተሩ ፈጽሞ ዝም ያለበት አብራሪ ምርጫ ስለሌለው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ከፊቱ ያለው ቦታ ላይ ያርፋል። ሞተሩ እየተንተፋተፈ የሚሠራበት አብራሪ ግን ተስፋ ስላልቆረጠ ምክንያቱን ይፈልጋል፣ ወደ ማኮብኮቢያው ለመዞር ይሞክራል፣ ከፍታውን ላለማጣት አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይይዛል፤ ፍጥነቱ በዚህ መሐል ያልቃል። የቀረው ኃይል ሊጠቅም የሚችለው የሚያርፍበትን ቦታ ለማስተካከል ነው እንጂ ውሳኔን ለማዘግየት አይደለም። ያም ኃይል በማንኛውም ሰከንድ ሊጠፋ እንደሚችል ታስቦ ከሥር ማረፊያ ቦታ በሌለበት አቅጣጫ መሄድ አይገባም።

ወደ ኋላ መዞርን በተመለከተ በቁጥር እንነጋገር። ስሌቱ ግምታዊ ነው፣ ነፋስንም አላካተተም። ሴስና 172 ኤን ያለ ሞተር ሲንሸራተት አንድ ጫማ በወረደ ቁጥር ዘጠኝ ጫማ ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። በባሕር ጠረፍ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ሲወጣም አንድ ጫማ ከፍ ለማለት የሚፈጀው አግድም ርቀት ከአሥር ጫማ አይበልጥም፤ ሁለቱ ይቀራረባሉ። በሐዋሳ ሞቃት ቀን ግን አንድ ጫማ ከፍ ለማለት ከ20 ጫማ በላይ ወደ ፊት መሄድ አለበት። 500 ጫማ ከፍታ ላይ ሲደርስ ከተላቀቀበት ነጥብ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ርቋል፤ ከዚያ ከፍታ ያለ ሞተር ሊንሸራተት የሚችለው ግን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ይህ ገና መዞሩ ሳይቆጠር ነው።

መዞሩ ራሱ ደግሞ ግማሽ ክብ አይደለም። አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው መስመር ወደ ጎን ወጥቶ እንደገና ወደ መስመሩ መመለስ ስላለበት በጠቅላላው 270 ዲግሪ ያህል ይዞራል። በሳሳ አየር እውነተኛው ፍጥነት ከሚነበበው በ14 በመቶ ገደማ ስለሚበልጥ የመዞሪያው ስፋት በ30 በመቶ ይጨምራል፤ በ65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ) እና በ45 ዲግሪ ጋደል ብሎ ሲዞር በባሕር ጠረፍ 115 ሜትር የነበረው ራዲየስ እዚህ 150 ሜትር ገደማ ይሆናል። አብራሪው ሳይደናገጥ፣ አንድም ሰከንድ ሳያባክን ቢዞር እንኳ ከ400 ጫማ በላይ ከፍታ ይበላል። የዚህ አውሮፕላን ክንፍ በቀጥታ በረራ የማንሳት አቅሙን የሚያጣው 50 ኖት አካባቢ ነው፤ 45 ዲግሪ ሲጋደል ይህ ወደ 60 ይወጣል፤ ለመንሸራተት ከሚያዘው 65 ኖት ጋር ያለው ልዩነት አምስት ኖት ብቻ ይሆናል። ማኮብኮቢያው እየራቀ መሆኑን ያየ ሰው ደግሞ እጁ ሳያስበው ይበልጥ ያጋድላል፤ 60 ዲግሪ ላይ ክንፉ የሚከዳው በ71 ኖት ነው፤ ማለትም ከሚበርበት ፍጥነት በላይ ነው። አውሮፕላኑ በዚያ ከፍታ በአንድ ክንፉ ተገልብጦ ከወደቀ ለማቃናት የሚበቃ ከፍታ የለም።

ስለዚህ ከመነሳት በፊት አብራሪው ድምፁን አውጥቶ፣ አጠገቡ ሰው ባይኖር እንኳ ለራሱ፣ የሚያደርገውን መናገር አለበት። እኔ ተማሪዎቼን የማስደግማቸው እንዲህ ያለ ነው፦ «የማኮብኮቢያውን ግማሽ ሳልፍ ለመነሳት ከሚያስፈልገኝ ፍጥነት ሰባ በመቶው ላይ ካልደረስሁ ነዳጅ መስጫውን ዘግቼ እቆማለሁ። ከተላቀቅሁ በኋላ ኃይል ከቀነሰና ማኮብኮቢያ ከፊቴ ካለ እዚያው አርፋለሁ። ከሌለ አፍንጫዬን ዝቅ አድርጌ፣ 65 ኖት ይዤ፣ ከፊቴ ከግራና ከቀኝ ጥቂት ዲግሪ ውስጥ ወዳለው ማሳ እሄዳለሁ። ወደ ኋላ አልዞርም።» ትልልቅ አውሮፕላኖችን የሚያስተናግድ ማኮብኮቢያ ባለበት ቦታ ከመጀመሪያው ጫፍ መነሳት እንጂ ጊዜ ለመቆጠብ ከመሐል ገብቶ መነሳት አይገባም፤ ከኋላ የተተወ ማኮብኮቢያ ሞተር ሲደክም ከፊት አይገኝም።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት ተማሪ፣ ከፊት ማሳ ሳይሆን ሐይቁ ቢሆንስ ብላ ጠይቃኛለች፤ ጥያቄዋ ለዚህ ከተማ የተገባ ስለሆነ መልሱን እዚህ አካትቼዋለሁ። ሰውን የሚያድነው አውሮፕላኑ በቁጥጥር ሥር ሆኖ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት መሬት ወይም ውኃ መንካቱ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አካል ሰው ሊቋቋመው በሚችለው ዘጠኝ እጥፍ የስበት ጫና ለመቆም የሚያስፈልገው ሦስት ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ርቀቱ ወደ 12 ሜትር ያድጋል። በመሆኑም የበቆሎ ማሳ፣ ቁጥቋጦ፣ ውኃም ቢሆን ክንፉ ሳይከዳ ከተነካ የሚተርፉበት ቦታ ነው፤ ሰው የበዛበት የሐይቅ ዳርቻ ወይም መንገድ ግን የሌሎችን ሕይወት አሳልፎ የሚሰጥ ነውና አይመረጥም። ጎማው የማይታጠፍ አውሮፕላን ውኃ ሲነካ በአፍንጫው ሊገለበጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ዋኝቶ ወይም ጀልባ ደርሶ ሊያወጣ በሚችልበት ርቀት፣ ፍላፕ (በዝግታ ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ወርዶ በዝቅተኛው ፍጥነት ማረፍ ያስፈልጋል። ጊዜ ካለ የነዳጅ መምረጫው ይዘጋል፣ ድብልቁ ይቆረጣል፣ ማግኔቶው ይጠፋል፤ ፍላፑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ከእርሱ በኋላ ይጠፋል። በሮቹ ከመንካት በፊት ከመቆለፊያቸው መላቀቅ አለባቸው፤ ቀፎው ከታጠፈ በኋላ አይከፈቱምና። ተሳፋሪዎች ቀበቶአቸውን አጥብቀው፣ በሩ በየትኛው እጃቸው በኩል እንዳለ በእጃቸው ዳስሰው ማወቅ ያለባቸው አውሮፕላኑ ገና ሳይነሳ ነው። የሕይወት ማዳኛ ሰደሪያ ያደረገ ሰው ደግሞ ከአውሮፕላኑ ሳይወጣ እንዳይነፋው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ውስጥ ከተነፋ ወደ ጣሪያው ያንሳፍፈውና በሩን ዝቅ ብሎ እንዳያልፍ ይከለክለዋል።